የሞላሁት ዝምታ

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተንኳኳ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ሳይጣላ በፊት የደረሰኝ ቤት ነው። ስከፍት ቤቲ ናት፣ ከእኛ ብሎክ ማዶ የምትኖረው ትራምፔት ነፊ። ልጅ እላታለሁ እንጂ ሠላሳ ሳይሞላት አይቀርም፤ የሙዚቃ መምህርት ናት፣ ሠርግና ምረቃ ላይ የሚጫወት የአምስት ሰው የናስ ባንድም አላት። ድሮ ማርሽ ባንድ ውስጥ እንደነበርኩ ከማን እንደሰማች እንጃ፣ ግቢው ውስጥ በተገናኘን ቁጥር ፌስታሌን ካልያዝኩ ብላ የምትሟገተኝ እሷ ናት። “ጋሼ፣ ሥራ ይዤልዎት መጣሁ” አለችና ሳትቀመጥ ስልኳን አወጣች። የነዋሪዎች ኮሚቴ ዘንድሮ ገናን ግቢው ውስጥ በጋራ ለማክበር ወስኗል፤ የሰፈሩን የድሮ የገና ዘፈን በናስ መሣሪያ ተጫወቱልን ብለዋታል፤ እሷም ዘፈኑን ከግቢው ልጆች ቀድታ፣ ለአምስት መሣሪያ እንዳቀናብርላት ልትለምነኝ መጥታለች።

ድምፁን ከፈተችው። ልጆቹ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈኑ፣ ሁለተኛውን ዘፈኑ፣ ሦስተኛውን ዘፈኑ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ በአፋቸው “ታ ታ ታራራ ታም!” አሉና በጭብጨባ ወደ ጭፈራው ገቡ። ቤቲ ሳቀች። “ይቺን ነገር እንዴት እንደወደድኳት! የጥንት ሰዎች እምቢልታ ሲሰሙ በአፋቸው ያስቀሯት ትሆናለች፣ አይደል ጋሼ? ይቺንማ ለእኔ ለትራምፔቷ ነው የሚሰጡኝ።” ልጅቷ መልስ ትጠብቃለች፣ እኔ ስልኩን አፍጥጬ አያለሁ። እምቢልታ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ያቺን ታራራም የዛሬ ስንት ዓመት፣ ከዚህ ቤት ሦስት መቶ እርምጃ በማይርቅ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ በእርሳስ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያስገባኋት የዘፈኑ ቦታ ደግሞ ባዶ አልነበረም።

ያኔ ልደታ ፎቅ አልነበራትም። ከጠመንጃ ያዥ ቁልቁል ሲወርዱ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ፣ አጥሩ ከአጥር ተደጋግፎ ነው የቆመው፤ የአንዱ ቤት ሽሮ ሲያር የጎረቤቱ ሰው ያስነጥሳል። ሰይቼንቶ ታክሲ በሃያ አምስት ሳንቲም ፒያሳ ያደርሳል፣ እኛ ግን ሃያ አምስቷን ለሲኒማ አስቀምጠን በእግራችን እንሄዳለን። ሰንጋ ተራ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ የተትረን ሱሪ ታችኛውን ጫፍ መንገድ እስኪጠርግ ድረስ የሚያሰፋ። ከእሱ ዘንድ ያሰፋሁት ቡኒ ሱሪ ነበረኝ፤ ሱሪውን ለብሼ፣ አፍሮዬን አበጥሬ፣ የትራምፔቴን ሣጥን አንጠልጥዬ በሰንጋ ተራ በኩል ሳልፍ መንገዱ ሁሉ የሚያየው እኔን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሰንጋ ተራ በሄድኩ ቁጥር የልብስ ሰፊው ሱቅ የቱ ጋ፣ ራዲዮ የሚጮህበት ጠጅ ቤት የቱ ጋ እንደነበር ልለይ እሞክራለሁ፤ የአዲሶቹ ፎቆች መስተዋት ሰማዩን እያሳየ ግራ ያጋባኛል፣ ጥበቃውም “አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?” ይለኛል።

ሥራዬ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነበር። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አሁን ምን ያደርጋል፤ ቁልፉ የሚያብረቀርቅ ኮት ለብሰን፣ ባለሥልጣን ሲመጣና ሲሸኝ የምንነፋ ነበርን። ያስተማሩን አለቃ ጆሯቸው እንደ ወንፊት ነበር። ኖታ ሰጥተውን ስናቀናብር ከሁሉ በላይ የሚያናድዳቸው ባዶ ባር፣ ማለት በኖታው ሁለት ቋሚ መስመሮች መሀል ያለ ባዶ ክፍል፣ ነው። ዜማው ትንፋሽ የሚወስድበት፣ ማንም የማይነፋበት ቦታ ካዩ እርሳሳቸውን እያንኳኩ “ይሄ ምንድን ነው? ተኝታችሁ ነው? ሙሉት!” ይሉናል። መሙላት ተማርኩ። ዘፈን በሰማሁ ቁጥር ቃሉን ትቼ ክፍተት መፈለግ ሆነ ልማዴ። ሰው አፉን ዘግቶ ትንፋሽ ሲስብ እኔ በልቤ ጡሩምባ አስገባለሁ።

የሰፈራችን የገና ዘፈን ክፍተት ነበረው። ገና ቀን ከልደታ በታች ባለው ሜዳ ላይ ወንዶቹ ሩሯን በቆልማማ ዱላ ሲለጓት ውለው፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጨዋታው ሲያልቅ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ክብ ሠርቶ ይቆማል። አውራጁ አባባ ደምሴ ነበሩ፤ አናጢ ናቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከመጋዝ ጋር ሲታገል የኖረ ሻካራ። ሦስት ስንኝ ያወርዳሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ሦስተኛው ሲያልቅ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ዝም ይላሉ። ሁሉም ዝም ይላል፤ እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ይይዛሉ። አባባ ደምሴ ዓይናቸውን የሚልኩት ካለፈው ገና ወዲህ ሐዘን ወደገባበት ቤት ነው። ከዚያ ቤት አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እናት፣ አንድ ነገር ትመልሳለች። ስንኝ ሊሆን ይችላል፣ “አለን” የምትል አንዲት ቃልም ትሆናለች። መልሱ ሲመጣ ዱላው ከመሬት ይነሳል፣ ጭፈራው ይጀመራል። ሐዘንተኛው ቤት ሳይፈቅድ ሰፈሩ አይጨፍርም ማለት ነው። አንድ ዓመት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጋሪ ነጂ አልመለሰም። ፀሐይ ሜዳውን ለቃ እስክትሄድ ቆምን። ከዚያ አባባ ደምሴ ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ሁሉም ሄደ፤ የዚያ ዓመት ዘፈን እዚያው ላይ ቀረ፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እናቴ አፌን በእጇ ስትይዘኝ ያደግኩ ነኝ። በኋላ የሠራሁትን ባለማወቅ ሠራሁት ማለት አልችልም።

ዘመኑ ክፉ ነበር። የዚያን ዘመን ነገር የሚተነትን ሞልቷል፣ እኔ የማስታውሰው ማታ ማታ ቤቶች መብራታቸውን ቶሎ ያጠፉ እንደነበርና ሰው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ እንደነበር ነው። ተሾመ የሚባል የሰፈራችን ልጅ፣ አራተኛ ክፍል ሳለን አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ፣ አንድ ጠዋት እንደወጣ ቀረ። ሬሳውም አልተሰጠም። እናቱን እትዬ ብርቄን የቀበሌው ሰዎች ድንኳን አትተክሉም ብለው ከለከሏቸው፤ የእድሩ ጡሩምባ አልተነፋም፤ ለቀስተኛ በጓሮ በኩል አንድ በአንድ እየገባ፣ የሴቶቹን እጅ እየጨበጠ ነበር የሚወጣው። ጥቁር መልበስ ያስጠይቅ ስለነበር እትዬ ብርቄ የዘወትር ቀሚሳቸውን ለብሰው ነጠላቸውን ብቻ ያዘቀዝቁ ነበር። ይህ የሆነው ጥቅምት ላይ ነው። ገና ሲደርስ ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገርም ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ዘንድሮ የሚጠበቀው የእትዬ ብርቄ ቤት ነው። ማልቀስ ለተከለከለች እናት ያቺ ዝምታ ድንኳኗ ነበረች። ማን ይከለክላታል? የገና ዘፈን ነው።

እኔ በዚያው ታኅሣሥ ልቤ አብጦ ነበር። አምስት ሆነን ትንሽ ባንድ አቋቁመናል፤ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ አልቶ ሆርን፣ አንድ ትሮምቦን፣ አንድ ቱባ። መሣሪያውን ለበዓሉ የባንዳችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በአደራ አውሶናል። ቱባውን የሚነፋው ሰይድ ነው፤ ወሎዬ፣ ጠመንጃ ያዥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ። የተጨረመተ መሣሪያ እየጠገነልን፣ የጠገነውን ደህና መሆኑን ለማየት እየነፋ፣ ኖታ ሳያነብ ነፊ የሆነ ሰው ነው። የሰፈሩን የገና ዘፈን በናስ እንጫወተው ያልኩት እኔ ነኝ። አራት ማታ በላምባ መብራት ተቀምጬ ጻፍኩት። ዜማውን ለሁለቱ ትራምፔቶች አካፈልኩ፣ ለትሮምቦኑ የዱላ ምት የምትመስል ድብደባ ሰጠሁት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ እርሳሴ ቆመ። ዝምታው ስንት ባር ነው? አንዳንድ ዓመት ረጅም፣ አንዳንድ ዓመት አጭር፤ እንዴት ተብሎ ይጻፋል? ያለቃችን እርሳስ ጆሮዬ ላይ ተንኳኳ። አንድ ባር ሰጠሁትና፣ በዚያች ባር ውስጥ ብቻውን የሚወጣ የትራምፔት ጥሪ አስገባሁ፤ ታ ታ ታራራ ታም። በአፌ ሞከርኳት። ዘፈኑ የተሠራው ለእሷ መሰለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ክፍሏን ዞርኩ።

ልምምድ ላይ ሰይድ “በላቸው፣ እዚህ ጋ አባባ ደምሴ ዝም አይሉም እንዴ?” አለኝ። “ይሄ እኮ ባንድ ነው፣ ባንድ አቁሞ ሰው አይጠብቅም” አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ። ሰይድ የቱባውን አፍ በእጅጌው ጠረገ።

የገና ዕለት ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። አባባ ደምሴ እንደ ልማዳቸው አወረዱ፣ እኛ ከኋላቸው ተቀበልን፤ ናስ በዚያ ሜዳ ተሰምቶ ስለማያውቅ ሕዝቡ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሦስተኛው ስንኝ አለቀ። አባባ ደምሴ ዱላቸውን ተከሉ። እኔ በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቆጠርኩና ነፋሁ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ነፍቼ አላውቅም። ልጆች ዘለሉ፣ ጎረምሶች “ድገመው!” አሉ፣ ትሮምቦኑ ገባ፣ ሜዳው በአንዴ ተነቃነቀ። የጎደለው የቱባው ድምፅ ብቻ ነበር። ሰይድ ቱባውን አቅፎ፣ አፉን ከመሣሪያው አንስቶ፣ ወደ ላይ ወደ ቤቶቹ ያያል። አባባ ደምሴ ደግሞ ዱላቸውን እንደተከሉ፣ ሰው በዙሪያቸው እየጨፈረ፣ እየገፋቸው፣ ቆመው ነበር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዱላቸውን ነቅለው በሰው መሀል ጎንበስ ብለው ወጡ።

ሲያበቃ ሰይድን ተቆጣሁት። “አሳፈርከኝ! ለምን ዘለልክ?” አልኩት። “እትዬ ብርቄ በራቸው ላይ ቆመው ነበር” አለ። ሌላ ምንም አላለም፤ ቱባውን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ ክዳኑን ገጥሞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መሣሪያ ጠገነልን እንጂ አብሮን ነፍቶ አያውቅም። አባባ ደምሴ የሚቀጥለው ክረምት አረፉ። በሚቀጥለው ገና ሌላ አውራጅ ቆመ፤ ሦስተኛው ስንኝ ሲያልቅ ልጆቹ እኔን ሳይጠብቁ በአፋቸው “ታራራ ታም!” አሉ፣ ጭፈራው ቀለጠ። ያ ዓመት መጠበቅ የነበረበት የአባባ ደምሴ ቤት ነበር። ባለቤታቸው ከሜዳው ዳር ቆመው ነበር። ማንም አላያቸውም፣ እኔ አየኋቸው። አይቼም አጨበጨብኩ።

እትዬ ብርቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ገና ሲሆን ከቤት ወጥተው አያውቁም። ለዓመታት ለራሴ አንድ ታሪክ ስነግረው ኖርኩ፤ “ፈርቼ ነው፣ ሕዝብ ቆሞ ወደ አንድ ቤት ቢያይ መዘዝ ያመጣባቸው ነበር፣ አድኛቸዋለሁ እንጂ አልበደልኳቸውም” እላለሁ። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፣ ሁለቱም አምነውኛል። እውነቱ ግን አልፈራሁም። ያን ማታ በላምባው መብራት ስጽፍ እትዬ ብርቄም ተሾመም ትዝ አላሉኝም። ዜማዋ አማረችኝ፣ ሰው እንዲያጨበጭብልኝ ፈለግኩ፣ በቃ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሁሉም ተበተነ። ሰይድ ጀሞ ገባ፤ ከሞተ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ቀብሩ ላይ ዳር ቆሜ አፈር አልብሻለሁ። እትዬ ብርቄን ግን ዕድል እዚሁ አመጣቸው፤ ከልጃቸው ከሮማን ጋር ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ብሎክ ምድር ቤት ይኖራሉ። ዘጠና ሳይጠጋቸው አይቀርም። ይህን ያህል ዓመት ባርኔጣዬን እያነሳሁ በመስኮታቸው ፊት አልፋለሁ፤ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም።

ቤቲን “እሠራልሻለሁ” ብዬ ሸኘኋትና በማግስቱ የሮማንን በር አንኳኳሁ። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሽበቷን ሂና ተቀብታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከፈተችልኝ። እናቷ ውስጥ ተኝተው ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ ልጆቹ የሚዘፍኗት ጥሪ የማን እንደሆነች፣ ምን ላይ እንደጻፍኳት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። መነጽሯን አውርዳ በቀሚሷ ጠረገችው።

“ጋሼ፣ አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል?”

“ዘንድሮ ሦስተኛው ስንኝ ላይ እናቆማለን። እንጠብቃቸዋለን።”

“እማዬን?” ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች። “እማዬ እኮ የሚሰሙት ሲፈልጉ ነው። ደግሞ ያን ቀን ምን ሊሉ እንደነበር እኔም አላውቅም። ስለ ወንድሜ ቤታችን ውስጥ አይወራም። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።”

“እንዳታስጨንቂያቸው። ካልፈለጉ ይቅር።”

መነጽሯን መልሳ ግንባሯ ላይ ሰቀለች። “እኔ አልነግራቸውም” አለች። “መስኮቱን ግን እከፍተዋለሁ። እናንተ ንፉ።”

ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ዓይኔ የኖታውን መስመር ሁለት ሁለት እያደረገብኝ፣ ስሰርዝና ስጽፍ። ዜማው በቀላሉ ወጣ፤ ያስቸገረኝ ያቺ ታራራም ናት። ሦስተኛው ስንኝ ባለቀ ቁጥር፣ ሳልጠራት፣ ጆሮዬ ውስጥ ትገባለች። አባባ ደምሴ ዱላቸውን ሲተክሉ የነበረውን ዝምታ ልሰማው እሞክራለሁ፣ የምሰማው ራሴን ነው። መጨረሻ ላይ በዚያ ቦታ ምንም ሳልጽፍ፣ ወረቀቱን ክፍት ተውኩት።

ልምምዱ የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ በሆነው በኮሙናሉ ቤት ነበር። ቤቲ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። “ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባሩ አልተቆጠረም።”

“አይቆጠርም።”

“እስከ መቼ ነው የምናርፈው ታዲያ?”

“እስኪመለስልን።” ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ለሮማን እንደነገርኳት አድርጌ። አምስቱም መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አዳመጡኝ። ቱባ የሚነፋው ልጅ “ጋሼ፣ ዘንድሮ ግቢው ውስጥ ሌላ ሐዘንተኛ የለም?” አለኝ። “ይኖራል” አልኩት፤ “የእሳቸው ተራ ግን ተዘሎ ነው ያለው።” ቤቲ ትራምፔቷን እያሻሸች “እኔ እኮ እምቢልታ ነው ብዬ...” ብላ ተወችው። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ያቺን ጥሪ ስታፏጭ ሰምቻት አላውቅም።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ሲሰማ ግን ቤቴ ድረስ መጣ። “ጋሽ በላቸው፣ ያቺ ታራራም እኮ የሰፈሩ መታወቂያ ናት። እሷ ከሌለች ገና ገና አይመስልም” አለኝ። የምችለውን ያህል አስረዳሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ አገጩን እያከከ አሰበና “እንግዲያው የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ፣ እኔ በሰዓት እይዛለሁ” አለ። በሰዓት የሚያዝ አይደለም አልኩት። “በዓል እንዳያበላሹብን ብቻ” ብሎ ደረጃውን ወረደ።

የገና ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ተሞላ። የበጎቹ ቆዳ በየበረንዳው ብረት ላይ ተሰጥቷል፣ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል፣ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን በስልክ ይነሳሉ። ቤቲና ጓደኞቿ ከእትዬ ብርቄ መስኮት ፊት ለፊት ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። መስኮቱ ክፍት ነው። እትዬ ብርቄ ከብረቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው ትንሽ ሆኗል። መጫወት ጀመሩ። እኔ የጻፍኩት ነው፣ ግን የማላውቀው ያህል አዲስ ሆነብኝ፤ ትሮምቦኑ ሲገባ አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንደኛው ስንኝ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አቆሙ።

ዝምታ ብዬ የጠበቅኩት ዝምታ አልነበረም። ከአስፋልቱ የወያላ ጥሪ ይመጣል፣ የሆነ ፎቅ ላይ ሕፃን ያለቅሳል፣ የአንዱ ስልክ ጮኸ። ልጆቹ “ታ ታ...” ብለው ጀመሩ፤ ቤቲ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስታደርግ አቆሙ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ነጭ ሸሚዝ የለበሱትን አምስቱን ነፊዎች ትቶ፣ እነሱ የሚያዩትን ማየት ጀመረ። አንዲት ሴት የልጇን አፍ በእጇ ያዘች። ማን ነገራት? እንጃ፤ ልጇ ስለጮኸ ይሆናል። እትዬ ብርቄ አዩን። አንድ በአንድ አዩን፤ መጀመሪያ መሣሪያዎቹን፣ ቀጥሎ ሰውን፣ ቀጥሎ እኔን። አፋቸው አልተከፈተም። በልቤ “ይበሉ እንጂ እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ” እላለሁ፤ እንዲህ ስል ደግሞ አሁንም የምለምነው ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ቤቲ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፣ ይቆይ። የሰው እግር መላወስ ጀመረ። አንዳንዱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፣ ከኋላ በኩል ሳህን መንኳኳት ተሰማ። ፀሐይዋ ከብሎኮቹ ኋላ ስትገባ ቤቲ ትራምፔቷን ከደረቷ አወረደች፣ አራቱም አወረዱ። ዘፈኑ አልተጨረሰም። ሊቀመንበሩ በአጠገቤ ሲያልፍ “አላልኩዎትም?” አለኝ፣ ድምፅ ማጉያውም ሌላ ሙዚቃ ጀመረ።

ሰው ወደ ምግቡ ሲሄድ እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

“እንኳን አደረሰዎ እትዬ።”

“የማን ልጅ ነህ?” አሉኝ፣ ከዚያ ሳልመልስ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። “በላቸው ነህ። ባለጡሩምባው።”

“አዎ፣ እኔ ነኝ። እትዬ፣ ያን ጊዜ...” ይህን ያህል ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አንዱም አልመጣልኝም። “ያን ጊዜ በርዎ ላይ ቆመው ነበር አሉኝ። ሊመልሱ ሲሉ አቋረጥኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።”

ሮማን ከኋላቸው መጥታ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። እትዬ ብርቄ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

“አልመልስም ነበር” አሉ። “ምን ብዬ? ልጄን በልተው፣ አለን ልበል? ያን ጊዜም አልመልስም ነበር፣ ዛሬም አልመለስኩም።” ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “ቆማችሁ ልትጠብቁኝ ግን ይገባ ነበር።”

“ይገባ ነበር እትዬ” አልኩ።